በቀትር ቆጥሬ ያመጣኋቸው

እኔ ያልታየ ነገር አየሁ ብዬ ሰው የማስደነግጥ ሴት አይደለሁም፣ ይህንን መጀመሪያ እንያዝ። ስለ ጋኔንና ስለ ጥላ ሲወራ ሳቄ ነው የሚቀድመኝ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት እያለን እንኳ የዶርማችን ጣሪያ በየምሽቱ ሲንኳኳ ልጆቹ በሙሉ ሁለት አልጋ ላይ ተደራርበው ጸሎት ሲያደርሱ፣ በማግስቱ መሰላል አስደግፌ ወጥቼ ሚስማሩ የወለቀ ቆርቆሮ ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ በድንጋይ ቀጥቅጬ መለስኩት፣ ጋኔኑም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስሜ "ጋኔን አባራሪዋ" ሆነ፣ ስሙንም አልጠላሁትም። አሁን የምነግራችሁ ነገር ግን በሚስማር የሚመለስ አልሆነልኝም፣ ደግሞ እመኑኝ፣ የሆነው በጨለማ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በስድስት ሰዓት ነው።

ትምህርት ቤቱ ከቢቸና ወጣ ብሎ የሚገኝ የቤተ ክርስቲያን አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፣ ስሙን ልተወው፣ የተማረበት ያውቀዋል። ጊዜው ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሞባይል ገና በአካባቢው ያልታወቀበት ነው። ጠዋት በደወል እንነሳለን፣ ከደወል ጸሎት፣ ከጸሎት ቁርስ፣ ከቁርስ ክፍል፣ ከክፍል መልስ ደግሞ ተራ አለ፣ ውሃ የምትቀዳ ትቀዳለች፣ ግቢ የምትጠርግ ትጠርጋለች፣ የመዘምራን ልምምድ ያለባት ትሄዳለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ለግማሽ ቀን ደብተር ይታጠፍና ለአካባቢው አቅመ ደካሞች ደቦ እንወጣለን፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላ በኩል፣ እንደየወቅቱ እናርማለን፣ እናጭዳለን፣ ቤት እንመርጋለን። እኔ ይህን ቀን ከሁሉ አስበልጬ እወደው ነበር፣ በሽማግሌ መመረቅ ደስ ይለኛል።

የሴቶቹ ዶርም ተጠሪም እኔ ነበርኩ፣ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ ታናናሾቹ እታለም ይሉኛል። ሠላሳ ሁለት ነን፣ እያንዳንዳችን ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ ቁጥር አለን፣ የምንሰለፈውም በዚያው ቁጥር ነው። ከግቢ ስንወጣ፣ ስንመለስ፣ መንገድ ላይ አርፈን ስንነሳ፣ እኔ ከፊት ሆኜ "አንድ" እላለሁ፣ ከኋላዬ ያለችው "ሁለት" ትላለች፣ እንዲህ እያለ እስከ ሠላሳ ሁለት ይወርዳል። ዘወር ብዬ አላይም ነበር። ለምን አያለሁ፣ የሁሉንም ድምፅ አንድ በአንድ ለይቼ አውቀው የለ፣ ማን እንዳመማት፣ ማን እንዳኮረፈች ከቁጥሯ አነጋገር እነግራችኋለሁ። የወንዶቹ ተጠሪ እየዞረ፣ ትከሻ እየነካ ነበር የሚቆጥር፣ "እንደ በግ ነጋዴ" እያልኩ ስስቅበት ኖሬያለሁ።

ሠላሳ ሁለተኛዋ የሻረግ ትባላለች፣ የሞጣ ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ በጥቅምት ስለገባች የመጨረሻው ቁጥር ደረሳት። ከቁመቷ ጋር የማይሄድ ጎርነን ያለ ድምፅ ነበራት፣ "ሠላሳ ሁለት" ስትል ደግሞ መጨረሻውን ከፍ ታደርገዋለች፣ የምትጠይቅ ነው የሚመስል። ልጆቹ "ጅራቷ" ይሏታል፣ "ካንቺ ኋላ ሰው የለም፣ ብትቀሪ ማን ይነግርልሻል" እያሉ ያበሽቋታል፣ እኔም ሳልጨምርበት አልቀረሁም። ያመጧት እናቷ ናቸው፣ ሞጣ ገበያ ቅቤና ማር የሚነግዱ ሴት፣ የልጃቸውን እጅ አንስተው እጄ ላይ አኖሩና፣ ሌላ ልጅ የለኝም፣ አደራ በምድር አደራ በሰማይ አሉኝ። እኔ እያለሁ ምን ትሆናለች አልኳቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

እንግዲህ ኅዳር መግቢያ ላይ ነው፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ለአንዲት አረጋዊት መነኩሴ፣ ለእማሆይ ጥሩወርቅ ጤፍ ልናጭድ ወጣን። ማሳቸው ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ከወንዙ ማዶ ነው፣ የአንድ ሰዓት መንገድ። ሠላሳ ሁለት ማጭድ ሲረባረብበት አንዲት ቁራጭ መሬት ምን አላት፣ ቀትር ሳይሆን ነዶውን ሰብስበን ከመርንላቸው። እማሆይ ዳቦና ንፍሮ አበሉን፣ መረቁን፣ ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ ወንዙ ሸኙን። ውሃ ጠጥተን ፊታችንን ስንታጠብ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማለች፣ ጥላችን እግራችን ሥር ገብቷል፣ ይግረማችሁ፣ ያን ሁሉ ጠዋት ሲጮሁ የነበሩት ወፎች አንዳቸውም አይሰሙም ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም፣ አሁን ነው የማስታውሰው።

ተሰለፉ ብዬ ልቆጥር ስል እማሆይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ተይ ልጀ፣" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሰው በወንዝ ዳር አይቆጠርም፣ ያውም በቀትር። ዳገቱን ውጭና ከላይ ትቆጥሪያቸዋለሽ። እዚህ የሚሰማው ብዙ ነው።"

ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ አይደለም፣ አክብሮት ያለው ሳቅ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። ሰው ካልተቆጠረ ይጠፋል እማሆይ አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም፣ አማተቡና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔም "አንድ" ብዬ ጀመርኩ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ሠላሳ አንድ ድረስ እንደ ልማዱ ወረደ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም አለ፣ ውሃው ብቻ ይንኳለላል፣ ቀጥሎ "ሠላሳ ሁለት" መጣ፣ ያው ጎርናናው፣ መጨረሻው ከፍ ያለው። ብቻ ትንሽ ራቅ ያለ መሰለኝ፣ ወንዙ ዳር ከቆመው ሾላ ዛፍ ወዲያ። አሁንም ፊቷን እየታጠበች ነው፣ ትደርስብናለች ብዬ መንገድ ጀመርኩ።

ዳገቱን በመዝሙር ነው የምንወጣው፣ እኔ አወጣለሁ፣ እነሱ ይቀበላሉ። ከኋላ ከኋላ የየሻረግ ድምፅ ሁልጊዜም ዘግየት ብሎ ነበር የሚመጣ፣ ያን ቀንም ዘግየት ብሎ ይመጣል፣ በየተራው ግን ዘግየት የሚለው ነገር እየረዘመ ሄደ። መሃል ላይ ደክሞን ዝም አልን። ዝም ካልን በኋላ፣ ከታች፣ ያ ድምፅ አንድ ጊዜ ተቀበለን። ልጆቹ ሳቁ፣ የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፣ ፊዚክስ ተምሬ የለ። ከየሻረግ ፊት የምትሄደው ሠላሳ አንደኛዋ ስመኝ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከወንዙ ጀምሮ የእግር ኮቴ ከኋላዋ ይሰማት ነበር፣ ጠጠር ይንከባለላል፣ ማጭድ ከድንጋይ ጋር ቅጭል ይላል፣ የሻረግ ናት ብላ አንድም ጊዜ አልዞረችም። ምን ታድርግ፣ አለመዞርን የተማረችው ከኔ ነው።

በሩ ላይ የዶርማችን ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ መዝገባቸውን ይዘው ይጠብቁናል፣ ከናዝሬት ተመድበው የመጡ፣ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። ቆጠርን። እኔ አንድ አልኩ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ስመኝ ሠላሳ አንድ አለች። "ሠላሳ ሁለት" አለ ድምፁ። እዚሁ፣ አጠገባችን፣ አቧራ የዋጠ ጉሮሮ ያለው ሰው እንደሚናገር። ወይዘሮ አስካለ ምልክት አድርገው መዝገቡን አጠፉት። እኔም እግሬን ለማንሳት ስል ስመኝ በቀጭን ድምፅ፣

"እታለም፣ ከኋላዬ ሰው የለም እኮ" አለችኝ።

ዞርኩ። መንገዱ እስከ ጉብታው ድረስ ወለል ብሎ ይታያል፣ ዛፍ የለበት፣ ጉድባ የለበት፣ ባዶ ነው። ሠላሳ ልጆች ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ሁሉም ሰምተዋል፣ የግቢው ዘበኛም ሰምቷል፣ ወይዘሮ አስካለም ሰምተዋል፣ መዝገባቸውን ገልጠው ያደረጉትን ምልክት ደጋግመው ያዩታል። ፈራሁ። ወዲያው ደግሞ የዚያች ሴት እጅ፣ የሞጣዋ ነጋዴ እጅ፣ እጄ ላይ ያለ ያህል ተሰማኝ፣ ፍርሃቱንም ረሳሁት። ማጭዴን ጥዬ ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ስመኝና የግቢው ዘበኛ ተከተሉኝ።

ወንዙ ዳር ከሾላው ወዲያ አሸዋው ላይ የላስቲክ ጫማዋን ዱካ አገኘን። ወደኛ ዳገት አልዞረም፣ ወንዙን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ያ መንገድ የትም አያደርስም፣ ወንዙ ገደል የሚገባበት ጋ ያበቃል፣ ከዚያ በታች ስንት ከብት እንደቀረ አገሬው ያውቃል። ዘበኛው ዱካውን እያየ ለብቻዋ ነው አለ፣ የአንድ ሰው ኮቴ ብቻ ነው። ዱካው ግን የጠፋ ሰው ዱካ አልነበረም። የጠፋ ሰው ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይዞራል። የሷ ቀጥ ያለ ነው፣ እርምጃው እኩል፣ ሰው እንደሚከተል ሰው።

ያገኘናት አሥር ሰዓት ሲል ነው። ከገደሉ አፍ ሃያ እርምጃ የማይሞላ ርቀት ላይ መሬት ተቀምጣ፣ ማጭዷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔ ከደስታዬ ብዛት እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። እሷ አላለቀሰችም። አየችኝ፣ ቀጥላ ከኋላዬ ያሉትን አየች፣ ደግሞ ፊቷን ወደ ገደሉ መለሰች።

"የቶቹ ናችሁ?" አለች።

ውሃ አጠጥተን፣ ዘበኛው አዝሏት ስንመለስ ቀስ እያለች ነገረችን። አልጠፋሁም ነው የምትል። ፊቴን ታጥቤ ቀና ስል ሰልፉ ሄዷል፣ የልጆቹ ነጠላ ከፊቴ ይታየኛል፣ እታለም ከፊት ነበረች፣ ደረስኩባችሁና ኋላችሁን ይዤ ሄድኩ። ብዙ ከሄድን በኋላ ሳንቆም ተቆጠርን። ሠላሳ ሁለት አልኩ። ከኔ በኋላ ደግሞ ሠላሳ ሦስት ተባለ። ከኔ በኋላ ሰው የለም፣ ሁላችሁም ስትነግሩኝ ነው የከረማችሁ፣ ፈራሁና ቁጭ አልኩ። ሰልፉስ? አልናት። ሰልፉ አልቆመም፣ ገባ አለች።

የት ገባ ብሎ የጠየቃት የለም።

እኔ ነገር መመርመር እወዳለሁ፣ ያንን ሌሊት ስመረምር አደርኩ። ወንዙ ዳር ያለችውን ቁጥር ተውት፣ ከሾላው ማዶ ሆና ራሷ ብላዋለች። መዝሙሩንም ለገደል ማሚቶ ስጡት። የነጠላውን ነገር የፀሐይ ምታት ነው እንበል፣ ኋላ ጤና ጣቢያ ያዩዋትም እንደዚያ ነው ያሉ። በሩ ላይ ያለውን ግን የት ላድርገው? ሠላሳ ሦስት ሰው ነው የሰማው፣ ያን ጊዜ እሷ ገደሉ አፍ ላይ ናት፣ በመሃላችን አንድ ሙሉ ዳገት አለ። ሠላሳ ሦስት ያለው ማን ነው ብዬ ብጠይቃት ደግሞ ዝም አለችኝ። ልጅቷ አንዴ የያዘችውን አትለቅም፣ ሞኝና ወረቀት እንደሚባለው።

እናቷ በሦስተኛው ቀን መጥተው ወሰዷት። ለኔ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ኑሮ ሆኖ እኔም ኋላ ሞጣ ተመድቤ የምሠራ ሆንኩ፣ የሻረግም የእናቷን ንግድ ይዛ አገኘኋት፣ ሳቂታ፣ ባለ ትዳር ሆናለች፣ ድምፅዋ ግን ያው ነው። ወዳጆች ሆንን፣ እንጠያየቃለን፣ ያንን ቀን ግን አንስተነው አናውቅም ነበር። ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች አሁንስ አመንሽ ወይ ይሉኛል፣ እኔም አላመንኩም እላለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ስሙን በማላውቀው ነገር አላምንም። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ዕቃ አብረን እያጠብን፣ ደፍሬ ጠየቅኋት። ከኋላሽ ሠላሳ ሦስት ያለው ማን ነበር አልኳት።

ሳህኑን አስቀመጠች፣ እጇን በመቀነቷ ጫፍ አደራረቀች።

"ከፊት ሆነሽ ወደ ገደሉ የምትመሪን አንች ነበርሽ፣" አለችኝ፣ "ከኋላየ ሆነሽ ሠላሳ ሦስት ያልሽም አንች ነሽ። የኋላዋ ታለቅስ ነበር። እስካሁን ያልነገርኩሽ የትኛዋ እንደሆንሽ ስላላወቅሁ ነው።"

እኔ በዚያች ሰዓት እዚያ አልነበርኩም፣ ዳገቱን እየዘመርኩ ስወጣ ነበር፣ ከወንዙ እስከ በሩ ድረስም አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ብዬ አላየኋትም።