ደረቁ ፊልትሮ

የጌታነህ እግሮች ከጭነት መኪናው ሥር ወጥተው ይታዩ ነበር። አንዱ ጫማ ወልቋል። ክሪኩ ተገልብጦ ወድቋል፤ አጠገቡ የአዲስ የዘይት ፊልትሮ ባዶ ካርቶን አለ።

«ፊልትሮ ሲቀይር መኪናው ወረደበት» አለ ቀድሞ የደረሰው ሳጅን። «ክሪኩ የጎረቤቱ የመካኒኩ የዘካሪያስ ነው። ወይ የተበላሸ አውሶታል፣ ወይ ራሱ ለቆበታል። ይዘነዋል።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ኢንስፔክተር ሰብለ ከመኪናው ሥር ገባች። ሞተሩ ገና ይሞቃል። አዲሱን ፊልትሮ በጨርቅ ይዛ ፈታችና ዘቀዘቀችው። ከጥቂት ጠብታ በቀር ምንም አልወጣም። የአፉ የጎማ ቀለበትም ዘይት አልነካውም።

የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ልክነሽ በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ከገረሴ ስምንት ሰዓት ላይ ገባ። እኔ ገበያ ወጣሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ቤተሰብ አለው?»

«ከመኪናው ጋር ነው የተጋባው፣ ልጄ። ጠዋት እንዴት አደርሽ የሚለው እኔን ሳይሆን ሞተሩን ነው።» ሊስቁ ጀምረው ተዉት።

ዘካሪያስ በካቴና ታስሮ ግንቡን ተደግፏል።

«ሟቹ ፊልትሮ እንዴት ነበር የሚገጥመው?»

«መጀመሪያ ዘይት ይሞላዋል፣ ጎማውንም በጣቱ ይቀባል። ዲዝል ሞተር በደረቅ ፊልትሮ ከተነሳ፣ ዘይቱ እስኪደርስ ብረት ብረትን ይበላል ይል ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያሰለቸኝ!»

«እርስዎስ?»

«ጋሽ ጌታነህ ቆሞ እያየኝ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ካርቶኑ ላይ የነበረው ማኅተም ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የአለምሰገድ የመለዋወጫ ሱቅ መራት። በአርባ ምንጭ ሙቀት ባለሱቁ ረጅም እጅጌውን እስከ አንጓው ቆልፏል።

«ሁሉም አንድ ይመስላሉ» አለች ሰብለ መደርደሪያውን እያየች።

«ለማያውቅ ነዋ! ክሩ ስለገባ ብቻ ልክ ነው አይባልም። ቁጥሩ መግጠም አለበት፤ ቫልቩ የሚከፈትበት ግፊት አለ። ጌታነህ የወሰደው ለሞተሩ ትክክለኛው ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አነሳዋለሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም በመኪናው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ፊልትሮ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልሠራም፤ ቢሠራ ዘይት በሞላው ነበር። ስለዚህ የተገጠመው መኪናው ከገረሴ መጥቶ ከቆመ በኋላ ነው። ጋሽ ጌታነህ ወይም ዘካሪያስ ቢገጥሙት ደግሞ ሳይሞሉት፣ ጎማውን ሳይቀቡ አይተዉትም።»

«እኔ እንኳን ፊልትሮ የጠርሙስ ክዳንም አልፈታም» አሉ ልክነሽ ፈጥነው።

«አውቃለሁ፣ እማማ። በዚያ ላይ ይህን ከመሰሎቹ መለየት ዕውቀት ይጠይቃል። የምፈልገው መምረጥ የሚያውቅ፣ መግጠም የማያውቅ ሰው ነው።» ዞር አለች። «ያልለመደ ሰው ከጋለ ሞተር ፊልትሮ ሲፈታ፣ ዘይቱ በክንዱ እስከ ክርኑ ይወርድበታል። አቶ አለምሰገድ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

አልተንቀሳቀሰም። ሳጅኑ የእጅጌውን ቁልፍ ፈታለት። ከአንጓው እስከ ክርኑ ቆዳው ተቃጥሎ ተልጧል።

«የሸጥኩለት ፊልትሮ አስመስለው የሠሩት ሐሰተኛ ነበር» አለ አለምሰገድ። «ገረሴ ዳገት ላይ የዘይት መብራት በራበት። ፈትቼ፣ ቀድጄ ለሾፌሩ ሁሉ አሳያለሁ አለኝ። ሊፈታው ሲገባ ክሪኩን ለቀቅሁት። ከዚያ በሌላው ጎን ክንዴን ሰድጄ ሐሰተኛውን አወጣሁ፤ ትክክለኛውን ገጠምኩ።»

ካቴናው ከዘካሪያስ እጅ ወደ ባለሱቁ ተሻገረ። ዘካሪያስ ግን አልሄደም።

«አስከሬኑን ማን ይቀበላል?»

«የሚጠራ ዘመድ አላገኘንም።»

«እኔ እቀበለዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑን አውቀዋለሁ። እሁድ እሁድ በሩ ድረስ እሸኘውና ወደ እኛ ጸሎት ቤት እሄድ ነበር።» አንጓውን አሻሸ። «ጴንጤ ነኝ። ከበሩ አልፌ አላውቅም።»

«ነገ ይለፉ» አለችው ሰብለ።