ሦስት አፍ፣ አንድ መልስ

«አርቆም የተባለውን ዘንዶ አንገቱን በአንድ ምት ቀንጥሼ፣ የዝናቡን መለከት ይዤ ካልተመለስኩ ስሜ ልባዊት አይባል!»

የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልባዊት በዘርማይ ንጉሥ ዙፋን ፊት ይህን ስትምል፣ የመዘዘችው ሰይፍ ለቁመቷ ስለረዘመ የዙፋኑን መጋረጃ ቀደደው። ንጉሡ ግን አልተቆጡም። ዘንዶው መለከቱን ከሰረቀ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብታ አልወረደም፤ ሕዝቡ ቁልቋል እየጠባ ነበር። ማንም ይሂድ፣ ብቻ ይሂድ።

ወደ ዘንዶው ጎሬ የሚያስገባው መንገድ አንድ ነው፤ መዛኙ ዋሻ። የጥንት ጠቢባን አስማት የደገሙበት ይህ ዋሻ፣ የገባውን ሁሉ እየጠየቀ ባሕርዩን ይመዝናል፤ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ለይቶም ያሳልፈዋል። ልባዊት ደግሞ ሞኝ አይደለችም። በወጣትነታቸው ከተፈተኑ ሽማግሌዎች «ያሳልፋል» የተባለውን መልስ ሁሉ ለቃቅማ፣ ሁለቱን የጉዞ ጓደኞቿን፣ አሮጌውን ወታደር ጋሽ ደምረውንና አብሮ አደጓን ወለላን፣ መንገዱን ሙሉ አስሸመደደቻቸው።

«አደጋ ትወዳላችሁ?» አለ ዋሻው ገና እንደገቡ።

«እንደ ማር!» አሉ ሦስቱም፣ ተራ በተራ።

«ስትቆጡስ?»

«እስከ አሥር ቆጥሬ ፈገግ እላለሁ!»

ከኋላቸው አለቱ ግጥም ብሎ ተዘጋ።

«ሦስት አፍ፣ አንድ መልስ። አንድ ሰው ገብቷል፤ አንድ ሰው ይወጣል» አለ ዋሻው።

ከፊታቸው አንድ ቀጭን ሰው በጎኑ የሚሾልክበት ስንጥቅ ተከፈተ። ግድግዳው መጥበብ ጀመረ።

«አንቺ ልጅ!» ጋሽ ደምረው አንባረቁ። «እኔ ስቆጣ መቼ ነው የምቆጥረው? ሁለት ሳልል ፈልጬው የለም እንዴ!»

ልባዊት ጉሮሮዋን ጠረገች። «በሰማይና በምድር እምላለሁ፣ እኔ አደጋን እንደ...»

«ሰምቼዋለሁ» አለ ዋሻው። ግድግዳው አንድ ክንድ ተጠጋ። ወለላ ትንፋሽ አጥሯት ተንበረከከች። ልባዊት ስንጥቁን አየችው። ትሾልክበታለች። እነሱን ጥላ።

«እባብ እፈራለሁ» አለች ፊቷን ከስንጥቁ መልሳ። «ትልም እፈራለሁ። እኔ የምወደው መታየት ነው። ሰይፉ ለጋሽ ደምረው ይሁን፤ መንገድ የምታስታውሰው ወለላ ናት። እኔ... እልኸኛ ነኝ። ከያዝኩ አልለቅም።»

ግድግዳው ቆመ። «አሁን ገና አንድ ሰው መለሰ። ሰይፍ አትሆኚም፤ መቃን ሁኚ።»

የፊት ለፊቱ አለት ከመሬት ብድግ አለ። ተመልሶ ሊወርድ ሲል ልባዊት ቀኝ ትከሻዋን ከሥሩ ሰካች፤ ሁለቱም በብብቷ ሥር አልፈው ሄዱ። አለቱ ተጫናት። ከጥዋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ተጫናት። አጥንቷ ሲንቋቋ የዋሻውን ሰባት ትውልድ ተሳደበች፤ ግን አልለቀቀችም። ጋሽ ደምረው ዘንዶውን ሰይፈው፣ ወለላ መለከቱን አንግታ እየመራቻቸው ሲመለሱ፣ በሩ ክፍት ነበር። ልባዊትን ከሥሩ ጎትተው ሲያወጧት የኋላው አለትም ተከፈተ። ቀኝ ክንዷ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አልተንቀሳቀሰም።

መለከቱ በቤተ መንግሥቱ አደባባይ ሲነፋ ሰማዩ ተቀደደ። ሕዝቡ እልል አለ። ልባዊት ሰገነቱ ላይ ወጣች።

«የዘርማይ ሕዝብ ሆይ! ይህች ክንዴ ዳግመኛ ሰይፍ ላትጨብጥ፣ ስለ እናንተ፣ ስለ ልጆቻችሁ፣ ስለ ልጅ ልጆቻችሁም...»

«ልባዊት!» ወለላ ከታች ጮኸች፣ ውሃው በአፍንጫዋ እየወረደ። «ክንድሽ ያሳዝናል፤ ምላስሽ ግን ምንም አልሆነም። ውረጂልን፣ በሰበስን እኮ!»