በሁለቱ ሰገነቶች መካከል

የዜማ አለቃው ኮርቢንያን ሽታድለር ለፋሲካ የተዘጋጀውን ቅዳሴ ሲያስጠና ከደረጃ ወድቆ ሞተ። አንገቱ ተሰብሯል፤ በእቅፉ ከነበረው የኖታ መጽሐፍ ደግሞ ስሙ ያለበት የመጀመሪያው ገጽ ተገንጥሏል። ገጽ የሚገነጥል ደረጃ እኔ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሴው የሚዘመረው በሁለት የመዘምራን ቡድኖች ነው፤ ፊት ለፊት በተያዩ ሰገነቶች ላይ ይቆማሉ፣ ኦርኬስትራው ከታች። ያ ደረጃ የሚያደርሰው ወደ ሁለተኛው ቡድን ሰገነትና በእግር እየተረገጠ ለኦርጋኑ አየር ወደሚሰጠው ወናፍ ክፍል ብቻ ነበር።

«ወናፍ ነፊው ፋይት ነው!» አሉ ካህኑ ለመርማሪው ለኪልያን ፋልክ። «ጠዋት ሟቹ ሰድበውት ነበር። ሬሳው አጠገብም እሱን ነው ያገኘነው። ይሰቀል!»

«ጌታዬ፣ ወናፌን እየረገጥኩ ነበር፤ ዜማው አልቆ ስወርድ ነው ወድቀው ያገኘኋቸው» አለ ሽማግሌው ፋይት።

ፋልክ ወደ ዘማሪቷ ኮርዱላ ዞረ። «ሟቹ መቼ ወጡ?»

«ከጸሎተ ሃይማኖቱ ‹ሰውም ሆነ› የሚለው ጋ ስንደርስ። እሱን የምንዘምረው አራታችን ብቻ፣ ከታች ሆነን ነው። ሁልጊዜ ወጥተው ከላይ ያዳምጡናል።»

«መዘምራኑስ?»

«እዚያ ቃል ላይ ሁሉም ይንበረከካሉ። ከሰገነቱ መከታ ጀርባ ስለሆኑ አይታዩም።»

«ኦርጋኑ ተቋርጦ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ቢቋረጥማ ጉድ ይፈላ ነበር።»

ፋልክ ወደ ሁለተኛው ሰገነት ወጣ። ለሳኞች ጠዋት ያንጠባጠቡት እርጥብ ኖራ ወለሉን ሞልቶታል። የቡድኑ መሪ ቬንዴሊን ግራይነር ከደረጃው በር አጠገብ ቆሟል።

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«እንደ ሰው ሁሉ ተንበርክኬ! ክርስቲያን አይደለሁም እንዴ?»

ፋልክ የሁለተኛውን ቡድን ሰዎች ሁሉ ሰብስቦ ቁልቁል አያቸው።

«ፋይት ወናፉን ጥሎ ቢሄድ ኦርጋኑ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። አላጠረውም፤ ስለዚህ ፋይት ንጹሕ ነው። ገዳዩ ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲንበረከክ ወደ ደረጃው የወጣ ሰው ነው። እስቲ ጉልበታችሁን ተመልከቱ።»

የሰባቱ መዘምራን ጥቁር ሱሪ ጉልበቱ ላይ ነጭ ነበር። የግራይነር ግን አዲስ ይመስላል።

«እኔ... አራግፌው ነው።»

«እርጥብ ኖራ በማራገፍ አይለቅም፣ ጌታዬ።»

ግራይነር ፊቱ አመድ መሰለ። የተጨማደደ ገጽ ከደረቱ አወጣ። «ቅዳሴው የኔ ነው! ስድስት ዓመት ለፋሁበት፤ እሱ ስሙን ጻፈበት። ገጹን ብቻ ነበር የፈለግኩት። አልለቅም አለ፤ ገፋሁት።»

በፋሲካ ቅዳሴው የማንም ስም ሳይጠራ ተዘመረ። ፋልክ ወደ ወናፉ ክፍል ብቅ ቢል ፋይት እየረገጠ ያለቅሳል።

«ነጻ ወጥተህ የለ እንዴ? ለማን ነው የምታለቅሰው?»

«ለግራይነር» አለ ሽማግሌው። «እስር ቤቱ ሩቅ ነው፤ ቅዳሴው አይሰማውም።»