የተጠረገው ሸለቆና እመት ጉምጉሜ

በሐመልሚት ምድር ደመና ዝም ብሎ የሚያልፍ ጢስ አይደለም። ዓይን አለው፤ ጆሮ አለው፤ ቂምም ይይዛል። የዚያ አገር ደመና ደግሞ አንዲት ብቻ ነች፤ ስሟም እመት ጉምጉሜ ነው። በየዓመቱ የዘር ወር ሲገባ፣ ሰባት ትከሻ ከተባለው ተራራ ተነሥታ፣ ቀሚሷን እየጎተተች፣ እያጉረመረመች ወደ ሸለቆው ትወርዳለች። ያን ጊዜ ንጉሡ እንኳ ከዙፋኑ ተነሥቶ ይቆማል።

በዚያ ዓመት ሕዝቡ ንጹሕ ለብሶ በኮረብታው ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ እመት ጉምጉሜ ከድንበሩ ድንጋይ ደረሰች። ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘች። አፍንጫዋን ሸበሸበች። ሦስት ጊዜ አነጠሰች። ከዚያም ዞራ ሄደች።

እንዲህ ስታደርግ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ጠንቋይ በትሩን አንሥቶ፣ «ምልክቱ ግልጽ ነው! ማሳችን በደንብ አልተጠረገም!» ሲል አወጀ። ሕዝቡም «አልተጠረገም!» እያለ እየተቆጨ ወደ መጥረጊያው ሮጠ።

የሐመልሚት ገበሬ ክቡር እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን እንደሚጠርግ ሁሉ፣ ደመናዋ ስትመጣ ማሳውን ይጠርጋል። ገለባውን ያቃጥላል፤ ቁጥቋጦውን ይነቅላል፤ በወሰኑ ላይ የቆመውን ዛፍ «ቀሚሷን እንዳይዝባት» ብሎ ይቆርጣል፤ በመጨረሻም መሬቱን እንደ ራሰ በራ አናት እስኪያብለጨልጭ ድረስ ይጠርገዋል። ከሁሉ አብልጦ የጠረገ ሰው ለአንድ ዓመት የብር መጥረጊያ ይሸለማል። መጥረጊያውን ሰባት ዓመት በተከታታይ የወሰዱት አባ ድምሬ የተባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

የአባ ድምሬ ልጅ ዋርዲት ይህን ሁሉ ከኮረብታው ጫፍ ቆማ አየች። ባሕር ማዶ፣ ኤልዞር በምትባል ከተማ፣ የነፋስንና የቅጠልን ጠባይ ሰባት ዓመት ተምራ ከተመለሰች ገና አሥር ቀኗ ነው። ማዶ ሳለች የአገሯን ልማድ ስትከላከል ከሰው ትጣላ ነበር፤ አገሯ ስትገባ ደግሞ የማዶዎቹን ሐሳብ ስትከላከል ትጣላለች። በአሥሩ ቀን ውስጥ አንድ በርጩማ ላይ ሁለት ጊዜ አልተቀመጠችም። የመጣችውም ልትሰናበት ነበር፤ በእጇ የጻፈቻቸውን ሰባት ጥራዞች ይዛ በመከር ወር ወደ ኤልዞር ከተመለሰች የሊቃውንትን ቆብ ትደፋለች። ያለ ጥራዞቹ ግን ቆብም የለም፣ መመለስም የለም።

«አባባ፣» አለች አባቷን፣ «እናንተ እኮ ናችሁ ያባረራችኋት። ባዶ መሬት ይግላል፤ አቧራ ያነሣል፤ ደመናን ወደ ላይ ይገፋል። ቅጠል ሲተነፍስ ነው ደመና የሚረጋው።»

«ቅጠል ሲተነፍስ!» አሉ አባ ድምሬ የብር መጥረጊያቸውን እየወለወሉ። «ለዚህ ነው ሰባት ዓመት ያስቀመጡሽ? ደመናዋ የምትመጣው በሰው ምኞት ነው። ልባችን ስላልጠራ ነው የቀረችው።»

«ምኞት አያዘንብም።»

«እንግዲያው በቅጠልሽ አዝንቢልና!»

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። በጎተራ የቀረው የመጨረሻው የማሽላ ዘር በደረቁ መሬት ውስጥ ተዘርቷል። እመት ጉምጉሜ በልማዷ ከአርባ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሳ ትሞክራለች። ያን ጊዜም ከዞረች ሸለቆው ባዶ ሆኖ ሕዝቡ ወደ ጨው ሜዳ እንዲሰደድ ንጉሡ አዟል። አባ ድምሬ ግን መጥረጊያቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ «በዚህ ብር እምላለሁ፣ ከማሳዬ በሕይወቴ አልወጣም!» ብለዋል። ዋርዲት አባቷን ታውቃቸዋለች። ያሉትን ያደርጋሉ።

ስለዚህ ወደ ሰባት ትከሻ ልትወጣና ደመናዋን ፊት ለፊት ልትጠይቃት ተነሣች። ንጉሡ አበጋዝ ጎራድን ሰጣት፤ ደረቱ በር የሚያህል፣ የደረት ብረቱ፣ ጥሩሩ፣ የሚያብረቀርቅ ጦረኛ ነው። ሸክላ ሠሪዋ እማ ሽፈሬም «እኔም እሄዳለሁ» ብለው ተነሡ፤ ምክንያቱ ለማንም አልገባም። ዋርዲት ሰባቱን ጥራዞች በአህያ ጫነች፤ ከአጠገቧ ሲርቁ እንቅልፍ አይወስዳትማ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከተጠረጉት ማሳዎች መካከል የአቧራ አንበሶች ተነሡባቸው። የአቧራ አንበሳ ማለት ከባዶ መሬት ተጠቅልሎ የሚነሣ፣ ጋማው ትቢያ፣ ጩኸቱ ነፋስ የሆነ አውሬ ነው።

«በአባቴ አጥንት!» አለ አበጋዝ ጎራድ ሰይፉን መዝዞ። «አንድ እርምጃ አላፈገፍግም!» አንበሳውን ለሁለት ሰነጠቀው። ሁለት አንበሶች ሆኑ። ሁለቱን ሰነጠቀ። አራት ሆኑ።

«ኧረ ይበቃሃል፣ አታራባቸው!» ብለው ጮኹ እማ ሽፈሬ።

ሁሉም ሮጡ፤ አንድ እርምጃ አላፈገፍግም ያለው አበጋዝም ከፊት። አረምና ግራር የወረሰው አንድ ማሳ ውስጥ ሲገቡ፣ ተከትለዋቸው የመጡት አንበሶች ወሰኑ ላይ ደርሰው እፍ እንደተባለ ዱቄት ወደቁ። ማሳው ስንፍናው ተመስክሮበት ከመንደር የተባረረ ሰው ጥሎት የሄደው ነበር። ከተባረረ ጀምሮ መጥረጊያ አልነካውም። ዋርዲት ተንበርክካ አፈሩን ጨበጠች። ርጥብ ነው። በሦስት ዓመት ድርቅ ውስጥ ርጥብ!

«አያችሁ?» አለች እየሳቀች። «አላልኩም?»

«አላልኩም ስትዪ ፊትሽ እንዴት እንደሚያበራ!» አሉ እማ ሽፈሬ። «የዘነበ እኮ አስመሰልሽው።»

እመት ጉምጉሜን ያገኟት በሰባተኛው ትከሻ ላይ፣ ዋሻ ሞልታ፣ እግሯን ዘርግታ ነው። አጠገቧ ሲደርሱ ልብሳቸው ረጠበ። ዋርዲት በክብር እጅ ነሥታ፣ «እመቤቴ፣ ለምን ይዞራሉ?» ስትል ጠየቀች።

«የት ልቀመጥ?» አለች ደመናዋ፤ ድምፅዋ በድንጋዩ ውስጥ ተንከባለለ። «ድሮ ዛፍ ነበር፤ ተደግፌ አርፍ ነበር። ሣር ነበር፤ ቀዝቀዝ ይል ነበር። አሁን የጋለ ድንጋይ ላይ ተቀመጪ ትሉኛላችሁ፤ በዚያ ላይ አቧራው አፍንጫዬን ገደለኝ!»

ዋርዲት ወደ ጓደኞቿ በድል ዞረች። ደመናዋ ግን አልጨረሰችም።

«ምኞታችሁስ? ሦስት መቶ ቤት፣ ሦስት መቶ ዓይነት ዝናብ! አንዱ በእኔ ማሳ ብቻ ይላል። አንዱ የጎረቤቴን ዝለይው ይላል። አንዷ ጭራሽ በየማለዳው ሸክላዬ እስኪደርቅ አትድረሽ ትለኛለች።»

እማ ሽፈሬ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። «እና ምን ላድርግ?» አሉ በመጨረሻ። «አፍሬ እኮ ነው የመጣሁት። ይቅር በዪኝ ልልሽ።»

«አንዱ ደግሞ ጥሩሬ ይዝግብኛል እያለ ያለቅሳል።»

አበጋዝ ጎራድ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጦረኛ አያለቅስም» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔስ?» አለች ዋርዲት። «እኔ መዝነቡን እንጂ ሌላ አልተመኘሁም።»

«አንቺ የተመኘሽው ትክክል መሆንን ነው፣ ልጄ። ዝናቡ ቢመጣና አባትሽ ልክ ቢሆኑ ምን ይሰማሻል?»

ዋርዲት የረጠበ ልብሷን ጨመቀች። «ቢያንስ አንድ ነገር ይንገሩኝ፣» አለች። «የሚያመጣዎት የትኛው ነው? አፈሩ ወይስ ምኞቱ?»

«እንግዳ ስትጠሪ የምታሳዪው ወንበሩን ነው ወይስ ፊትሽን? በአርባኛው ቀን እመጣለሁ። መቀመጫ ካለ እቀመጣለሁ። ሂዱ አሁን፣ ልተኛበት።»

ወደ ሸለቆው ሲመለሱ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ዋርዲት መልእክቱን ነግራ፣ «ማሳውን በገለባ እንሸፍን» ስትል ሕዝቡ በድንጋጤ አጉረመረመ። ማሳ ላይ ገለባ መበተን? ቆሻሻ? ሰው ምን ይላል? ሁሉም ወደ አባ ድምሬ ዞሩ።

አባ ድምሬ መጥረጊያቸውን ተደገፉ። «ከልብሽ ትመጣለች ብለሽ ታምኛለሽ?» አሉ።

ዋርዲት ልትዋሽ አልቻለችም። «አላውቅም፣ አባባ። ግን ትምጣ። በማንኛችንም ምክንያት ይሁን፣ ብቻ ትምጣ።»

አባ ድምሬ አንድ እቅፍ ገለባ ከበረታቸው አነሡና በሰባት ዓመት ክብራቸው መካከል በተኑት። በብር መጥረጊያቸውም እኩል አዳረሱት።  «እንደሱ አይደለም፣» ብለው ጎረቤታቸውን ገሠጹ፣ እሱም መበተን ሲጀምር። «ቆሻሻም ቢሆን ሥርዓት አለው! ዘሩ መተንፈሻ ይፈልጋል፤ ሳሳ አድርገው!»

ሦስት መቶ ቤት ተነሣ። ሴቱም ወንዱም በወሰኑ ላይ የግራር ቅርንጫፍ ተከለ። ነገር ግን ገለባውን ለዘመናት ሲያቃጥሉት ስለኖሩ አልበቃም። እማ ሽፈሬ ዓመቱን ሙሉ ሸክላ የሚተኩሱበትን ጭድ አንድ ሳያስቀሩ አወጡ፤ በዚያ ዓመት ሸክላ የለም ማለት ነው። አበጋዝ ጎራድም በሕዝብ ፊት ጥሩሩን አወለቀ። ያ ሰፊ ደረት አብዛኛው ጭድ ኖሯል። ጭዱን አራግፎ ከሰጠ በኋላ የቀረው ቀጭን ሰውዬ፣ «የሚስቅ ካለ አሁን ይሳቅ!» አለ። ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

በአርባኛው ቀን ረፋድ ላይ እመት ጉምጉሜ በድንበሩ ድንጋይ ብቅ አለች። ሸለቆው ሁሉ ተሸፍኗል፤ የቀረው የአባ ድምሬ ማሳ ጥግ ላይ ያለ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ሽማግሌው ከራሳቸው ይልቅ የሌላውን ሲያስቀድሙ ገለባው አልቆባቸዋል። ከዚያች ቁራጭ አንድ ትንሽ የአቧራ አንበሳ ተነሣና ተንጠራራ። የደመናዋ አፍንጫ ሲሸበሸብ ሁሉም አየ።

ዋርዲት ወደ አህያዋ ሮጠች።

«ልጄ፣ እሱስ አይሆንም!» አሉ አባ ድምሬ። ማንበብ አይችሉም፤ ጥራዞቹ ምን እንደሆኑ ግን ያውቃሉ። «ቆብሽስ?»

«አባባ፣ ድንጋይ አቀብለኝ!»

ሰባት ዓመቷን ገጽ በገጽ እየቀደደች በአፈሩ ላይ አነጠፈች፤ አባቷ ነፋስ እንዳይወስደው ጠርዙን በጠጠር እየያዙ ከኋላዋ ተንበረከኩ። አንበሳው ታፈነ። ዋርዲት በዚያች ሰዓት ትክክል መሆኗን አላሰበችም። ጨርሶ አላሰበችም ማለት ግን ይከብዳል፤ በኋላ ሲጠይቋት አንድ ጊዜ ብቻ ትዝ አለኝ ብላለች።

 እመት ጉምጉሜ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ ዝቅ አለች፤ እንደ ደከመው ሰውም በረጅሙ ተንፍሳ ተቀመጠች።

ዘነበ። ጠንቋዩ ትንቢቱ መፈጸሙን ሊያውጅ አፉን ሲከፍት ውሃ ሞላበት። አበጋዙ እንደ ጥጃ ዘለለ።

ዋርዲት ጭቃ ውስጥ ቆማ ወደ ላይ ጮኸች፤ «እመቤቴ! የትኛው ነው? ገለባው ወይስ ምኞቱ?» መልሱ ዓይኗ ላይ የወደቀ ወፍራም ጠብታ ነበር።

አባ ድምሬ ቀለሙ መፍሰስ የጀመረ አንድ ገጽ አነሡ። «ይኼ ምን ይላል?»

ዋርዲት ዓይኗን ጠርጋ አነበበችው። «‘የሰው ምኞት በዝናብ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም’ ይላል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«አንድ የማውቀው ሰው።»

አባ ድምሬ ገጹን በጥንቃቄ ወደ ቦታው መለሱና ጠጠሩን ጫኑበት። ከአሥር ቀን በኋላ የመጀመሪያው የማሽላ ቡቃያ ያንኑ ገጽ መሃል ለመሃል ቀዶ ወጣ። ዋርዲት በአጠገቡ በርጩማ አስቀምጣ ተቀመጠች። በማግሥቱም እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።