ግራና ቀኝ መስኮት

በአራተኛው ቀን ዓይኔ ከስክሪኑ ጋር ተጣላ። ፊደሎቹ ይዋኙብኛል።

ሽማግሌው ከጎኔ ተቀምጧል። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ሽማግሌ ያሉት ስለማይቸኩል ነው። እኔን ደግሞ ጥግ ላይ ሽቦ የምትበይድልን ባለ ብየዳዋ «ጭጭ» ትለኛለች፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም።

ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ ሣጥን እንሠራለን። ሣጥኑን የምትቆጣጠረው ግማሽ መዳፍ የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ፕሮሰሰሯ ከእኛ ኮምፒውተር የተለየ፣ አቅሟም ትንሽ ስለሆነ፣ ከርነሉን ማለትም የስርዓተ ክወናዋን እምብርት፣ ትልቁ ማሽን ላይ ሠርተን እንጭንላታለን። አራት ቀን ሙሉ ግን መጨረሻ ላይ፣ ቁርጥራጮቹ ሲጋጠሙ፣ ያው ቀይ መስመር ብቅ ይላል፤ የፋይሉ ዓይነት አይታወቅም።

ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር ቀየርን። የምንጭ ኮዱን እንደ አዲስ አወረድን። ኬብል ሳይቀር ቀየርን፤ ኬብሉ ምን በወጣው!

ዛሬ ዓርብ ነው። የሽማግሌው እህት እሷ ባለችበት ከተማ ሥራ አግኝታለታለች፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መልስ መስጠት አለበት። ይህን ሰኞ ዕለት ነገረኝና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ጥሩ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ስህተቱ ብቻ ነው።

«እናንተ ልጆች፣ ዛሬም አልወለዳችሁም?» አለች ባለ ብየዳዋ ከጥግ።

«ምጥ ላይ ነን፣ እትዬ» አላት ሽማግሌው።

ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል። በግራው መስኮት እኔ ከርነሉን እሠራለሁ። በቀኙ እሱ ከሙቀት መለኪያው ጋር የሚያነጋግረውን ቁራጭ ይሠራል። ምን እንደታየኝ እንጃ፣ እጄን ዘርግቼ ቀኙን መስኮት ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሚሠራ ጠየቅኩት። መስኮቱ ባዶ መስመር መለሰልኝ።

«እዚህኛው ላይ ለማን እንደምንሠራ ነግረኸዋል?»

«ጠዋት ስትከፍቺው አንቺ የነገርሽው መስሎኝ።»

«እኔ የምነግረው የራሴን ነው። ያንተን አንተ የምትነግረው መስሎኝ…»

ተያየን። ማሽን ለማን እንደሚሠራ ካልተነገረው ለራሱ ይሠራል። የእኔ ቁርጥራጮች ለትንሿ ሰሌዳ፣ የእሱ ለትልቁ ማሽን ሲሠሩ ከርመው እንዴት ይግጠሙ?

«አራት ቀን» አለና ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ሊስቅ ፈልጎ አቅም አጣ።

የተሠራውን ሁሉ አጠፋን። ለሁለቱም መስኮቶች ለትንሿ ሰሌዳ እንደምንሠራ ነገርናቸውና ከመጀመሪያው ጀመርን። አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሆኗል።

መስመሮቹ ወደ ላይ ይፈሳሉ። ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እህቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ምን ልትላት ነው?»

«ሰኞ ስነግርሽ ጥሩ ነው አልሽኝ። እንድሄድ የፈለግሽ መሰለኝ።»

ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ከወንበሬ ጎን አስተካክዬ ሳስቀምጥ፣ የምታደርገው ጽዳት ሠራተኛዋ መስላው ይሆን?

«የምታውቅ መስሎኝ ነበር» አልኩ ስክሪኑን እያየሁ።

«ምኑን?»

ሃያ መስመር ያህል አለፈ። ሠላሳ።

«አትሂድ» አልኩት።

ስልኩን አነሳ፣ ለእህቱ አጭር ነገር ጻፈ፣ ስክሪኑን ወደ ታች ደፍቶ አስቀመጠው። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል። ትከሻዬ ይህን ያህል ሸክም የሚችል አይመስለኝም ነበር።

ቁርጥራጮቹ የሚጋጠሙበት ደረሰ። ቀይ መስመር አልመጣም።

«ምነው ድምፃችሁ ጠፋ?» አለች ባለ ብየዳዋ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ተበላሸ እንዴ?»

«የለም፣ እትዬ» አልኳት ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ። «ገጠመ።»