የጥቅምቱ ብልቃጥ

ትርሲት እንድርያስን ያወቀችው በአባቱ ሰገራ ምክንያት ነው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት የአንጀት ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያብላሉ የሚያወጡት ነገር የደም ግፊትን ከፍና ዝቅ ያደርግ እንደሆነ የሚያጠና ቡድን ጋይንት ገባ። ትርሲት ናሙና ሰብሳቢ ነበረች። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ብልቃጥ ትሰጣለች፤ አንዱ በፍልሰታ ጾም፣ ሌላው በጥቅምት ፍስክ የሚሞላ።

እዚያው ጋይንት፣ በቤተ ልሔም ገዳም ድጓ የሚያስተምሩት የኔታ ገብረ ሕይወት ግፊት አለባቸው። ብልቃጡን ለሴት ልጅ ማቀበል ስላፈሩ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ የሚያስተምረው ልጃቸው እንድርያስ አመላላሽ ሆነ።

«ስጦታሽን ይዤ መጣሁ» አላት በነሐሴ።

«ከእናንተ ቤት ሌላ የሚሰጥ ነገር የለም?»

«ሰው አለ፤ ከወደድሽ።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ያለ ብልቃጥም ይመጣ ጀመር። ጥቅምት ላይ ሁለተኛውን ሲያመጣ ስለ ጎጆ ያወሩ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ውጤቱ መጣ። የሌላው ሰው ሁሉ ናሙና በወተቱና በቅቤው ተለውጧል። የየኔታ ግን የጥቅምቱ ከነሐሴው አልተለየም።

«እንድርያስ፣ አባትህን ደግመህ መጠየቅ አፍረህ ሁለቱንም በነሐሴ አስሞላሃቸው?»

«በጥቅምት በእጃቸው ነው የሰጡኝ።»

«ታዲያ በፍስክ ወተት አልቀመሱም?»

«እኔ ከተማ ነው የምኖር፤ ምን አውቃለሁ?» ቀና ብሎ አያት። «በዚህ ካላመንሽኝ ጎጆው ይቅርብን።»

ወጥቶ ሄደ። አልተመለሰም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትርሲት ቤተ ልሔም ሄደች። የየኔታን ግፊት ለካች፤ ደህና ነው።

«የኔታ፣ በጥቅምት ምን ይመገቡ ነበር?»

«ይህ ለሐኪም ምን ይረባዋል?»

«ለሐኪም አይደለም። እንድርያስን ዋሽተሃል ብዬዋለሁ።»

የኔታ ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ ጥቅምትን ሙሉ ጽጌን እጾማለሁ። የፈቃድ ጾም ነው፤ አይወራም። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።»

ትርሲት ደረቷ ላይ የከረመው ድንጋይ የወረደላት መሰላት። ዘወር ስትል ለእሑድ አባቱን ሊጠይቅ የመጣው እንድርያስ ቅጥሩ በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

«አልዋሸህም» አለችው።

«እኔማ አውቃለሁ።»

«እኔም ማወቅ ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።»

 ዓይኖቹ አልሸሿትም። «ጥናቱን አበላሸንብሽ?» አለ።

«በጥቅምት የጾመ ሰው ማግኘታችን ነው። አልተበላሸም።»

«እኛስ?»

«እሱን አንተ ንገረኝ።»

ፈገግ አለ። የኔታ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሽማግሌ ቶሎ ይላክ፤ ሰርጉ ጥር ላይ ይሁን። ያን ጊዜ ቅቤውንም ሥጋውንም እበላለሁ። ሦስተኛ ብልቃጥ ካስፈለገ ግን አመላላሽ አልልክም፤ ለምራቴ በእጄ እሰጣለሁ።»