ቦታ ተይዞላት የነበረች እናት

ይሄን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው፤ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። አላምንም ለሚለኝ ሰው የምጨምርለት ነገር የለኝም።

ዩክሬን፣ ካርኪቭ ከተማ ነው። በፈረንጆቹ 1996፣ የካቲት ውስጥ፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ፋብሪካችን ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ ሪማ፣ የማሽን ንድፍ እሠራ የነበርኩት ሴትዮ፣ ለፎቶ አንሺው ለግሌብ መብራት እሸከማለሁ። ግሌብ ያገኘውን ዝም ብሎ አያነሳም። መጀመሪያ ቦታውን ይሠራል፣ ሰው ያቆምበታል፣ ከዚያ ያነሳል።

የዚያን ቀን የሠራው የሶቪየት ዘመን ሱቅ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ፣ በረዶ መሀል፣ አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳና አንድ በር። ከበሩ ላይ «ምግብ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ከኋላው ምንም የለም። በሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ።

በሩ ፊት እንዲሰለፉ ዘጠኝ ጡረተኞች ቀጠርን፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቆርቆሮ ሥጋ።

ሁለተኛው ፎቶ ሲነሳ ቆጠርኳቸው።

አሥራ አራት...

እኛ አገር ሰው ሰልፍ ካየ ይሰለፋል። ምን እንደሚሸጥ የሚጠይቀው ከቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ አልደነቀኝም።

የደነቀኝ እማዬን እዚያ ማየቴ ነው። ከፊት አምስተኛ ቆማለች፤ ዘንቢሏን ይዛ።

«እማዬ... እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሳልፍ ጠሩኝ። ቦታ ይዘንልሻል አሉኝ።»

«እነማን?»

በአገጯ ወደፊት አሳየችኝ። አራት ሰዎች ናቸው። አንዳቸውንም አላውቅም፤ አልቀጠርናቸውም።

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«እኔ እንጃ። እነሱ ግን በስሜ ነው የጠሩኝ።»

ከኋላዋ ያሉት ሽማግሌ አጉረመረሙ። «እኛ ከጠዋት ጀምሮ ስንንቀጠቀጥ፣ ባለ ዘመዶቹ ከፊት ይገባሉ። ኧረ ጉድ ነው።»

«የውሸት ሱቅ ነው እማዬ፤ ለፎቶ ነው። ብርዱ ሳይገድልሽ ቤት ግቢ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ከሁላችንም አፍ እንፋሎት ይወጣል... ከአራቱ አይወጣም።

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ወዴት? የሚሄድበት ቦታ የለም እኮ።

«ግሌብ፣ ተንቀሳቀሱ ብለሃል?»

«አላልኩም። ግን ጥሩ ነው፣ ተያቸው።»

ከእማዬ ፊት ሦስት ሰው ቀርቷል።

ግድግዳውን ዞሬ ከኋላ አየሁ። በረዶ ነው። አንድም የእግር ዱካ የለበትም። ጣቶቼ ከደነዘዙ ቆይተዋል፤ ውስጤም እንደዚያው ሆነ። መፍራት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ምንም አልተሰማኝም።

ስመለስ ከፊቷ አንድ ብቻ ቀርቷል።

በሩ ተከፈተ... ወደ ውስጥ። እኔ ወደ ውጪ እንዲከፈት ነበር የገጠምኩት። ሰውየው ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

የእማዬን እጅጌ ጨምድጄ ያዝኩ።

«እንሂድ።»

«ሪማ፣ ሰው ይታዘበናል።»

«የገቡት አልወጡም፣ እማዬ።»

«ዕድሜ ልኬን ተሰልፌ፣ አሁን ተራዬ ሲደርስ ልውጣ?» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ላንቺስ ምን ላምጣልሽ?»

እጅጌዋን ስጎትት ግሌብ ተጣራ።

«ሪማ! ከፎቶው ውጪ!»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ሲለኝ ኖሯል። ሲለኝ እወጣለሁ፤ እግሬ ለምዶታል።

እጅጌዋን ለቀቅኩና ገለል አልኩ።

ካሜራው ቀጭ አለ።

ስዞር እማዬ የለችም።

በሩን በረገድኩት። ወደ ውጪ ተከፈተ። በረዶ ብቻ ነው ያለው። «ተራሽን ጠብቂ እንጂ» ብለው ሽማግሌው ተቆጡኝ።

ግድግዳውን በእርግጫ ጣልኩት። የቀሩት «አለቀ ማለት ነው» ተባብለው የቆርቆሮ ሥጋቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ፖሊስ ጠራሁ፤ በየት እንደሄደች ጠየቀኝ። በበሩ አልኩት። የቱ በር አለኝ። ብዕሩን ኪሱ ከተተ፤ እኔም አልፈረድኩበትም።

አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም አላለቀስኩም፤ በዚህ አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ፊልሙን አጠብን። ግሌብ ያነሳው ሰባት ፎቶ ነው። ፊልሙ ላይ ስምንት አለ።

«ይሄን አንቺ ነሽ ያነሳሽው?» አለኝ በሹክሹክታ።

ስምንተኛው ከበሩ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጪ የተነሳ ነው።

ሰልፉ ይታያል። ግሌብ ካሜራው ላይ አጎንብሷል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እየሄድኩ ነው።

እማዬ የበሩን ደፍ አልፋለች... ግን ወደ እኔ ዞራ፣ አንድ እጇን ዘርግታልኛለች።

የሌላኛው እጇን እጅጌ፣ እኔ የለቀቅኩትን፣ የሆነ ሰው ከውስጥ ይዞታል።